ጎበዝ ጎበዙ እየለቀቀ ነው፤ እውነት ችግሩ ደመወዝ ብቻ ነው?

ማስታወሻ_ደብተር

ሰላም ለሁላችሁም። የሰው ሀብት ክፍል ውስጥ ነው የምሠራው። አንድ ነገር ሲያብሰለስለኝ ሰንብቶ ነው ዛሬ እዚህ ያመጣሁት።

ድርጅታችን መካከለኛ የሚባል ነው። ከአንድ ክፍል ብቻ ሰው ተራ በተራ እየለቀቀ ነው። የሚለቁት ደግሞ ሥራው ላይ የምንተማመንባቸው ናቸው። ዋና ሥራ አስኪያጁ ጠርተው «ሰው የሚያቆይ ዕቅድ አቅርቢ» አሉኝ። የፋይናንስ ኃላፊው እዚያው ነበሩ። «ምን ዕቅድ ያስፈልገዋል? ሌላ ቦታ የተሻለ ይከፈላቸዋል፤ እኛ ደግሞ አሁን መጨመር አንችልም» ብለው ጉዳዩን ዘጉት።

ለእኔ ግን አልተዋጠልኝም። ሌሎቹ ክፍሎችም በዚያው ስኬል ነው የሚከፈላቸው። እዚያ ሰው ይሰነብታል። የመልቀቂያ ቅጾቹን አውጥቼ አንድ በአንድ አየኋቸው። «የለቀቁበት ምክንያት» በሚለው ሥር ሁሉም ማለት ይቻላል «የተሻለ የሥራ ዕድል» የሚለውን ሳጥን ነው ራይት ያደረጉት። ከታች «ተጨማሪ አስተያየት» የሚል አራት መስመር ክፍት ቦታ አለ። ሁሉም ላይ ባዶ ነው። ዓመታት አብሮን የሠራ ሰው ስለዚህ ቤት የሚለው አንድ ዓረፍተ ነገር እንኳ ያጣል?

ሰው በትክክል ለምን እንደሚለቅ እንዴት ነው የሚታወቀው? ደመወዝ መጨመር በማይቻልበት ጊዜስ የሚሠራ ነገር አለ? በዚህ ሙያ የቆያችሁ፣ ሰው የምትመሩ፣ ለቃችሁ የሄዳችሁም ብትሆኑ የምታውቁትን ንገሩኝ።

ነባር_ሠራተኛ

እህቴ፣ ያ ቅጽ እውነቱን አይነግርሽም።

እስቲ በሚለቀው ሰው ቦታ ሆነሽ አስቢው። ቅጹን የሚሞላው ክሊራንስ ለመጨረስ ላይ ታች በሚልበት ቀን ነው። የሥራ ልምድ ደብዳቤው ገና አልተጻፈለትም። የመጨረሻ ደመወዙ ገና አልተለቀቀለትም። የሚሄድበት መሥሪያ ቤት ለድሮ አለቃው ደውሎ ስለ እሱ ሊጠይቅ ይችላል። በዚህ መሃል «አለቃዬ ሰው ፊት ያዋርደኝ ነበር» ብሎ የሚጽፍ ማን ነው? «የተሻለ ዕድል» ማንንም አያስቀይምም። በሰላም ያስወጣዋል።

ሌላው ችግር ጊዜው ነው። ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ ነው የሚሆነው። ሰው ደብዳቤ ያስገባ ቀን አይደለም የሚለቀው። ልቡ ቀድሞ ወጥቷል። ስብሰባ ላይ ሐሳብ መስጠት ያቆማል። ድሮ ሽንጡን ገትሮ ይከራከር የነበረው ሰው ሁሉን ነገር «እሺ» ማለት ይጀምራል። አለቃው ደግሞ «ተመስገን፣ አሁን ተረጋጋ» ይላል። እኔ ከምንም በላይ የሚያሳስበኝ ይህ ምልክት ነው። ተከራካሪ ሰው በድንገት ዝም ካለ፣ ቶሎ ቁጭ ብሎ ማናገር ይገባል።

ስለዚህ የቀሩትን ጠይቂ። በቅጽ አይሁን፤ ለብቻ ለብቻ፣ ረጋ ብለሽ። «ሥራህን የሚያከብድብህ ምንድን ነው? ልልቀቅ ብለህ ለመጨረሻ ጊዜ ያሰብከው መቼ ነው? ያን ቀን ምን ሆኖ ነበር?» በይ። ይህቺ ሦስተኛዋ ጥያቄ ብዙ ነገር ታወጣለች። ሰው «ለምን» ተብሎ ሲጠየቅ ያዘጋጀውን መልስ ይሰጣል። «ያን ቀን ምን ሆነ» ሲባል ግን የሆነውን ይናገራል።

ስለ ደመወዙ ደግሞ፣ ፍሬድሪክ ሄርዝበርግ የሚባል አሜሪካዊ የሥነ ልቦና ባለሙያ ከባልደረቦቹ ጋር ፒትስበርግ አካባቢ 200 የሚሆኑ መሐንዲሶችንና የሒሳብ ባለሙያዎችን አነጋግሮ ነበር። ውጤቱ የወጣው እ.ኤ.አ. በ1959 ነው። ሰውን የሚያስከፋው ነገርና ሰውን በሥራው ደስ የሚያሰኘው ነገር አንድ አይደለም ነው ያለው። ደመወዝ፣ የመሥሪያ ቤቱ አሠራርና የአለቃ አያያዝ ሲበላሹ ያስከፋሉ። ሲስተካከሉ ምሬቱ ይቆማል እንጂ ፍቅር አይመጣም። ፍቅሩ የሚመጣው ከሥራው ከራሱ፣ ከውጤትና ከመመስገን ነው። በዘዴው ላይ ብዙ ተከራክረውበታል። እኔ ግን በሥራ ዘመኔ ካየሁት ጋር ይገጥምልኛል። በተለይ አለቃን ከደመወዝ ጋር አንድ ረድፍ ላይ ማስቀመጡን ልብ በይ።

ሚዛን

ነባር_ሠራተኛ፣ ያሉትን አከብራለሁ። ግን ደመወዝን እንዲህ በቀላሉ ባናልፈው። እኔ ፋይናንስ ነኝ፤ የእኛንም ወገን አንድ ሰው መናገር አለበት።

እ.ኤ.አ. በ1913 የፎርድ መኪና ፋብሪካ ሠራተኛ ማቆየት አቅቶት ነበር። የሠራተኛ ፍልሰቱ በዓመት 370 በመቶ ደርሷል። አንድ የሥራ ቦታ ሞልቶ ለማቆየት በዓመት ከሦስት ሰው በላይ መቅጠር ነበረበት ማለት ነው። በጥር 1914 የቀን ክፍያውን ወደ አምስት ዶላር አሳደገው፤ ከቀድሞው እጥፍ ገደማ ነው። በ1915 ፍልሰቱ ወደ 16 በመቶ ወረደ። ገንዘብ ሰው አያቆይም የሚል ካለ ይህን ያስረዳኝ።

እህታችን ላነሳችው ጉዳይ ግን ከመጠኑ ይልቅ ፍትሐዊነቱን ብታይው ይሻላል እላለሁ። ብዙ ቤት የማየው ነገር አለ። ነባሩ ሠራተኛ በየዓመቱ ትንሽ ትንሽ ይጨመርለታል። አዲሱ ግን በወቅቱ የገበያ ዋጋ ነው የሚገባው። ከዚያ አንድ ቀን ነባሩ፣ ከሀ እስከ ፐ ሥራ ያስተማረው ልጅ ከእሱ በላይ እንደሚከፈለው ይሰማል። ደመወዝ ምስጢር ነው ብላችሁ ውል ላይ ብትጽፉም ይሰማል። ያን ቀን የሚሰማው ስለ ገንዘቡ ብቻ አይደለም። «ለካ እዚህ መቆየቴ ነው የጎዳኝ» ነው የሚለው። ልክ ነው ደግሞ።

የአውሮፓ ኅብረት በ2023 ያወጣው መመሪያ ቀጣሪ ለአመልካች የደመወዙን መነሻ ወይም እርከን አስቀድሞ እንዲናገር ያስገድዳል። ሠራተኛውም እኩል ዋጋ ያለው ሥራ የሚሠሩ ሰዎች በአማካይ ስንት እንደሚከፈላቸው መጠየቅ ይችላል። ነገሩ ወደዚያ እየሄደ ነው። ስለዚህ ለሁሉም መጨመር ካልተቻለ፣ ቢያንስ ያንን ክፍል ብቻ አውጥተሽ ነባርና አዲስ ጎን ለጎን አስቀምጪው። የተዛባ ካለ እሱን ማስተካከል ለሁሉም ከመጨመር በጣም ያነሰ ነው።

ነጭ_ጋዋን

ሚዛን፣ አንድ ነገር ልጨምርበት። ፎርድ ያኔ የጨመረው ብር ብቻ አይደለም። የቀን ሥራውንም ከዘጠኝ ሰዓት ወደ ስምንት አውርዶታል። ስለዚህ ሰው በብር ብቻ ነው የቆየው ማለት ይከብዳል።

እኔ ነርስ ነኝ። የእኛ ሙያ ላይ የሰው እጥረት የዓለም ችግር ነው። ግን ከሙያው የሚወጡ ጓደኞቼን ሳይ፣ ብዙዎቹን ያሰናበታቸው የተረኝነት ሰሌዳው ነው። ሰሌዳው ወሩ ሊገባ ሲል ይለጠፋል። ከተለጠፈ በኋላ ይቀየራል። የልጅሽን የትምህርት ቤት ስብሰባ፣ የእናትሽን የሐኪም ቀጠሮ በምን ታቅጂዋለሽ? ሥራው ከባድ መሆኑን አውቀን ነው የገባነው። የራስን ነገ አለማወቅ ግን ሰውን ያደክማል። አንዲት አስተባባሪ ነበረችን፤ ሰሌዳውን አስቀድማ እያወጣች፣ እርስ በርስ እንድንቀያየር ፈቀደች። ደመወዝ አልተጨመረ፣ ሰው አልተጨመረ። ግን ቀሪውና ጭቅጭቁ በዓይን የሚታይ ቀነሰ።

ሌላው የሚያንገበግበኝ፣ ሠራተኛ ሲዝል «ጭንቀትን የመቋቋም ሥልጠና» መላክ ነው። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2019 ይህን የሥራ ዝለት በዓለም አቀፉ የበሽታዎች ምደባው ውስጥ ሲያስገባ በሽታ ነው አላለም። ከሥራ ጋር የተያያዘ ክስተት ነው አለ። ምንጩም በወጉ ያልተያዘ፣ የቆየ የሥራ ጫና ነው ብሎ ነው የጻፈው። ምልክቶቹም ሦስት ናቸው፤ ኃይል ማጣት፣ ልብ ከሥራው መሸሽ፣ የሥራ ውጤታማነት መቀነስ። እንግዲህ ምንጩ ጫናው ከሆነ፣ መድኃኒቱን ሠራተኛው ውስጥ ብቻ ለምን እንፈልጋለን? ይኸው ድርጅት ከዓለም የሥራ ድርጅት ጋር ሆኖ በ2021 ባወጣው ግምት፣ በሳምንት 55 ሰዓትና ከዚያ በላይ መሥራት በ2016 ብቻ በስትሮክና በልብ ሕመም ለ745,000 ሰው ሞት ምክንያት ሆኗል። ይሄ የአስተዳደር ጉዳይ ብቻ አይደለም። የሰው ሕይወት ነው።

መንገደኛው

እኔ ለቅቄ የሄድኩ ነኝ። ቅጹ ላይ ያልጻፍኩትን እዚህ ልጻፈው።

ክፍላችን ውስጥ ሁለት ሰው ለቀቀ። ሥራቸው ለቀረነው ተከፋፈለ። «ለጊዜው ነው፤ ቅጥር እየተጠየቀ ነው» ተባልን። መደቡ ግን አልወጣም። የሚገርመው፣ እኛ ተረባርበን ሥራውን ስለሸፈንነው «ያለ እነሱም ይሄዳል» ተባለና በጀቱ ታጠፈ። በጎበዝነታችን ነው የተቀጣነው። ከዚያ ሦስተኛዋ ለቀቀች፤ የእሷም ድርሻ መጣ። በሁለት እግሩ የሚቆም ሥራ አልቀረኝም። የሁሉም ነገር ግማሽ ነበር የምሠራው። ጥሩ ሥራ ሠርቶ መግባት የለመደ ሰው በየቀኑ የተበላሸ ሥራ እያስረከበ ሲገባ ምን እንደሚሰማው የሚያውቀው የደረሰበት ነው።

አለቃዬ ክፉ ሰው አልነበረም። ግን እሑድ ማታ መልእክት ይልክ ነበር። «ነገ ስትገባ» ብሎ ይጀምራል። እሑድ ከሰዓት ጀምሮ ስልኬን ሳይ ሆዴ ይረበሽ ነበር።

ደብዳቤ ያስገባሁ ቀን ጠሩኝ። እንድቆይ ደመወዝ ጨመሩልኝ፤ ትንሽም አይደለም። ያኔ ነው ይበልጥ የቆረጥኩት። ይህ ገንዘብ ትናንትም ነበራቸው ማለት ነው። ለመስጠት የፈቀዱት እኔ በሩን ስይዝ ነው። ቅጹ ላይ «የተሻለ ዕድል» ብዬ ሞላሁ። የሥራ ልምዴን በማግስቱ ሰጡኝ።

ማስታወሻ_ደብተር

መንገደኛው፣ አመሰግንሃለሁ። «በጎበዝነታችን ነው የተቀጣነው» ያልከውን ሳነብ የእኛው ክፍል ፊቴ ላይ መጣ። ያልተተኩ መደቦች አሉ። ነገ ፋይሉን አወጣለሁ።

የፈረቃ_ኃላፊ

ሁሉም ጣት ወደ ቅርብ አለቃ እየጠቆመ ስለሆነ ከዚያ ወንበር ልናገር። እኔ ሰው የምመራ ነኝ። ከላይ ትእዛዝ ይመጣል፣ ከታች ሰው ያልቃል፤ መሃል ላይ ያለነው እኛ ነን። መደብ የምከፍተው እኔ አይደለሁም። ጭማሪ የምፈቅደውም እኔ አይደለሁም። ሰው ሲለቅ ግን «ሰው መያዝ አይችልም» የምባለው እኔ ነኝ።

ደግሞስ እንዴት ነው ኃላፊ የምንሆነው? ሥራ ላይ ጎበዝ የሆነውን ያነሡና ይሾሙታል። አላን ቤንሰን፣ ዳኒዬል ሊ እና ኬሊ ሹ የሚባሉ ተመራማሪዎች በአሜሪካ 214 ድርጅቶች ውስጥ ያሉ ከ50,000 በላይ የሽያጭ ሠራተኞችን መረጃ አጥንተው ነበር። ድርጅቶቹ የሚሾሙት ብዙ የሸጠውን ነው። ነገር ግን በጣም ጎበዝ ሻጭ የነበረው ሰው ኃላፊ ሲሆን፣ በሥሩ ያሉት ሰዎች ሽያጭ ይቀንሳል። ያው እኛም ጋ ነው። ጎበዙን ባለሙያ ታጣለህ፣ በምትኩ ያልሠለጠነ አለቃ ታገኛለህ። ሰውዬው ግን ምን ያድርግ? ደመወዙ የሚያድገው ሰው ሲመራ ብቻ ከሆነ፣ እምቢ አይልም።

ለእኔ ትልቁ መፍትሔ ይሄ ነው፤ ሁለት መሰላል ይኑር። ሰው መምራት የማይወድ ባለሙያ በሙያው እየጠለቀ፣ በደረጃም በደመወዝም ከኃላፊ እኩል ማደግ ይችል። ሰው መምራት የሚፈልገው ደግሞ ከመሾሙ በፊት ይሠልጥን። ሥልጠና ስል ፓወር ፖይንት አይደለም። ከባድ አስተያየት እንዴት ይሰጣል? ከላይ የመጣን ሥራ «ይህን ከጨመርክ ያንን አንሣ» ብሎ እንዴት መመለስ ይቻላል? ይሄን ማንም አላስተማረንም።

ምዘናውንም አንሡልኝ። «ከክፍልህ የግድ ይህን ያህል ሰው ዝቅተኛ ውጤት ይውሰድ» የሚባል አሠራር አለ። ጄኔራል ኤሌክትሪክ የሚባለው የአሜሪካ ኩባንያ በዋና ሥራ አስኪያጁ በጃክ ዌልች ዘመን 20 በመቶው ከፍተኛ፣ 70 በመቶው መካከለኛ፣ 10 በመቶው ዝቅተኛ እያለ ያስፋፋው ነው። ማይክሮሶፍት ተመሳሳዩን ሲሠራበት ቆይቶ እ.ኤ.አ. በ2013 አስቀርቶታል። ስድስት ሰው ብቻ ላለው ክፍል፣ ስድስቱም በርትተው ለሠሩበት ዓመት፣ አንዱን የግድ ጣል ማለት ምን ዓይነት ፍርድ ነው? ያን ውጤት ለሰውየው ቁጭ ብሎ የሚነግረው ደግሞ እኔ ነኝ።

ከቤት_ሠሪ

በሳምንት ሁለት ቀን ከቤት መሥራትን ማንም አላነሣም። ትሪፕ ዶት ኮም የሚባለው የቻይና የጉዞ ኩባንያ 1,612 ሠራተኞቹ ላይ ሞክሮት ነበር፤ ጥናቱ በ2024 ወጥቷል። ከፊሎቹ በሳምንት ሁለት ቀን ከቤት፣ ከፊሎቹ ሙሉ ሳምንቱን ቢሮ። ከቤት የሠሩት ላይ የሚለቀው ሰው በሲሶ ቀነሰ። የሥራ ምዘናቸውም እድገታቸውም ከሌሎቹ አላነሰም። በተለይ ሴቶችና ቤታቸው የራቀ ላይ ነው ለውጡ ጎልቶ የታየው። ወጪ የለውም፣ መቀመጫ ይቆጥባል። እህቴ፣ ሥራችሁ የሚፈቅድ ከሆነ አስቢበት።

ነጭ_ጋዋን

ለቢሮ ሥራ እስማማለሁ። ግን በአንድ ድርጅት ውስጥ ግማሹ ከቤት እየሠራ፣ ግማሹ በር ላይ ጣት አሻራ እየሰጠ ከሆነ ሌላ ቅሬታ ይወለዳል። ከቤት መሥራት ለማይችለው ሠራተኛም በሰዓቱ ላይ የሆነ ሥልጣን ስጡት። ፈረቃ መቀያየር፣ የመግቢያ ሰዓት መምረጥ፣ የሆነ ነገር።

ማስታወሻ_ደብተር

ጤና ይስጥልኝ፣ ተመልሼ መጣሁ። ፋይሉን አወጣሁ።

መጀመሪያ ያየሁት የዓመት ፈቃድ ነው። በመሥሪያ ቤቱ ካሉት ክፍሎች ሁሉ ያልተወሰደ ፈቃድ የተከማቸው እዚያ ክፍል ነው። የፈቃድ መጠየቂያዎቹን ሳገላብጥ «ለሥራ ሲባል ተራዝሟል» የሚል ማስታወሻ ደጋግሞ አለ። አንዲት ልጅ ሦስት ጊዜ ጠይቃ ሦስቱም ጊዜ ተራዝሞባታል። ከዚያ የሚቀጥለው ወረቀት የመልቀቂያ ደብዳቤዋ ነው። ፋይሉ ውስጥ ተከታትለው ነው የተቀመጡት። ምክንያቱ እጃችን ላይ ነበር፤ ቅጽ መሙላት አያስፈልግም ነበር።

ያልተተኩት መደቦችም መንገደኛው እንዳለው ናቸው። ሚዛን ያልከውንም አየሁት። አንድ ነባር ሠራተኛ ላይ የደመወዝ መዛባት አለ፤ የሌሎቹ ግን ደህና ነው። ስለዚህ የፋይናንስ ኃላፊው ሙሉ በሙሉ ተሳስተዋል ማለት አልችልም፤ ግን ደመወዝ ዋናው አይደለም።

የማቀርበው እንዲህ ነው። የታጠፉት መደቦች ይከፈቱ፤ ካልተከፈቱ የትኞቹ ሥራዎች እንደሚቀሩ በጽሑፍ ይወሰን። የተራዘመ ፈቃድ በዚህ ሩብ ዓመት ይወሰድ፤ ከዚህ በኋላ ከአንድ ጊዜ በላይ ለማራዘም የእኛ ክፍል ይጠየቅ። ያ ነባር ሠራተኛ ደመወዙ ይስተካከልለት፣ እስኪጠይቅ ሳይጠበቅ። ከቀሩት ጋር ደግሞ እኔው ራሴ ለብቻ ለብቻ አወራለሁ። የክፍሉን ኃላፊ ነገር እንዴት ላንሣው? የሚያስጨንቀኝ እሱ ነው።

ነባር_ሠራተኛ

ጎበዝ። ኃላፊውን ከሥራ አስኪያጁ በፊት አንቺ አግኚው። ወረቀቱን አሳዪው። «ሰዎችህ እያለቁ ነው፣ አንተም እያለቅክ ይመስለኛል፤ ከላይ ምን እንዲነሣልህ ትፈልጋለህ?» በይው። የፈረቃ_ኃላፊ የጻፈውን አንብበሻል፤ ያም ሰው እንደዚያው ሳይሆን አይቀርም። ስብሰባ ላይ ድንገት ከሰማው ግን ይከላከላል፤ ከዚያ በኋላ ከእሱ ጋር ምንም አትሠሪም።

ከቀሩት ጋር ስታወሪ አንድ ነገር ተጠንቀቂ። «ስምህ አይነሣም» ብለሽ ቃል የምትገቢው በእርግጥ መጠበቅ የምትችዪ ከሆነ ብቻ ነው። ትንሽ ክፍል ነው፤ ማን ምን እንዳለ ከአነጋገሩ ይታወቃል። የምትጽፊውን መጀመሪያ ለራሱ አንብቢለት። «ይህን እንዲህ ብዬ ባቀርበው ይመችሃል?» በይ። ከሰሙሽም በኋላ ቢያንስ አንዱ ነገር ቶሎ ይስተካከል። ተጠይቆ ምንም ያልተደረገለት ሰው፣ ካልተጠየቀው በላይ ነው ተስፋ የሚቆርጠው።

ሚዛን

እህቴ፣ ለፋይናንስ ኃላፊው በእነሱ ቋንቋ አቅርቢላቸው። የአንድ ሰው መልቀቅ ወጪ አንድ ቦታ ተጽፎ ስለማይታይ ነው ቀላል የሚመስለው። ማስታወቂያው አንድ መዝገብ ላይ ነው፣ የትርፍ ሰዓቱ ሌላ ላይ። የፈታኞቹ ሰዓት የትም አይጻፍም። አዲሱ ሰው ሥራ እስኪለምድ የሚከፈለው ደመወዝና በዚያ መሃል የሚበላሸው ሥራም የትም የለም። የተጠራቀመው ፈቃድ ደግሞ ሰው ሲለቅ በገንዘብ የሚከፈል ከሆነ፣ ዕዳ ነው። በራሳችሁ ቁጥር ሙሉት፣ ከውጭ ያገኛችሁትን አማካይ አትጠቀሙ። የራሳቸውን መዝገብ መከራከር አይችሉም።

ይህን ወጪ የማስያ ሠንጠረዥ አለኝ። ባዶውን በውስጥ መስመር እልክልሻለሁ። ከደመወዝ መዝገብ የምታወጪውን በቢጫ አቅልሜዋለሁ፣ የክፍሉን ኃላፊ የምትጠይቂውን በአረንጓዴ። ስብሰባው መቼ ነው?

ማስታወሻ_ደብተር

ሐሙስ ጠዋት ነው። ላክልኝ፤ ኃላፊውን ነገ ከሰዓት ቀጥሬዋለሁ፣ አረንጓዴውን አብረን እንሞላዋለን።